የጸሐዬ አሜን

ጎረቤቴ ጸሐዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ እንጋራለን። የሰፋውን ቀሚስ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ሀራሙስ ሰፈር ፈረንጆች ቤት የምትሠራው እንቁ ደግሞ «የጸሐዬ እጅ ነው» እያለች ለወዳጆቿ ታጋራለታለች።

ባለፈው ሳምንት እንቁ ገጿ ላይ የጻፈችውን ግጥም ወሰደና መነጽር ካደረገበት ፎቶው ጋር ለጠፈው። ስሟን አላነሳም። «እጅህ ይባረክ» ላለው ሁሉ «አሜን» እያለ ሲመልስ ሰነበተ።

ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ነውና እንቁ እኔ ቤት መጣች።

«እትዬ ዓለምነሽ፣ እህቴ ከደሴ ደውላ የጸሐዬን ግጥም ሰርቀሽ ነው ወይ አለችኝ» ብላ እንባዋ መጣ።

ጸሐዬን ለምሳ ጠራሁት።

«ግጥሙ ‹የእመቤቴን መጋረጃ ስተኩስ› ይላል። አንተ ከመቼ ወዲህ ነው እመቤት ያለችህ?»

«ወድጄው እኮ ነው የለጠፍኩት፣ ዓለምዬ።»

«ባለፈው ምስር ወጥ ስልክልህ ሳህኑን ምን አድርገህበት መለስክልኝ?»

«ሎሚ።»

«አየህ፣ ባዶ ሳህን መመለስ ነውር መሆኑን ታውቃለህ። እሷ ስንት ቀሚስህን አጋራች፤ አንተ ሳህኗንም አስቀረኸው።»

ጢሙን አሸት አሸት አደረገና ስልኩን አወጣ። «ግጥሙ የእንቁ ነው፤ የእኔ መነጽሩ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። እንቁ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ወዲያው ለእህቷ ላከችላት።

እሱ ግን ያንን ሁሉ «አሜን» አንድ በአንድ እየሰረዘ «ለእንቁ ይድረስ» ብሎ ሲተካ ምሳው ቀዘቀዘበት።