የአንበሳው ጠፍር

የጥቅምቱ የሀገያ ዝናብ ሳይጥል በቀረበት በ1958 ዓ.ም. ባለቤቴ ጣዲቻ ዓይኑ ዒላማ መለየት ስለተሳነው ከጦሩ ሊሰናበት ነበር። እሱ ከተሰናበተ የነገሌን ካምፕ ቤት እንለቃለን፤ ከአራት ልጆች ጋር ወዴት እንደምንሄድ እግዜር ይወቀው። የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ሻለቃ ሥዩም ግን፣ «በዘውድ በዓል ትርኢት የአንበሳውን ቆዳ ለብሰህ ካሳመርከው እኔ ዘንድ አስቀርሃለሁ» አሉት። አንበሳ ደግሞ ዓይን አያስፈልገውም፤ ጥርስ ነው የሚያስፈልገው።

ቆዳው ሲለበስ ሁለቱም እጆች መዳፉ ውስጥ ገብተው ይታሰራሉ። አፉን የሚከፍተው ሲባጎ ነው። ሲባጎው ከላይኛው መንጋጋ ተነሥቶ፣ ጎፈሩ ላይ ዞሮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉን በጥርስ ነክሶ ቁልቁል መሳብ ነው። አንዴ ካመለጠ መልሶ የሚይዘው እጅ የለም።

«ሲባጎው ድዴን ቆረጠኝ» አለኝ ዋዜማውን። እኔ ብልጧ ሲባጎውን አውጥቼ በፍየል ጠፍር ቀየርኩለት። እንዲለሰልስለትም ውሃ ውስጥ ነክሬ አሳደርኩት። ጠዋት ሲሞክረው ደስ አለው።

«ጋሪዳ፣ የኔ ዓለም! በጣም ጥሩ ነው!» አለኝ ኦሮምኛውን እየቀላቀለ።

በዓሉ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ፣ የክብር እንግዳው ከሻኪሶ የደረሱት ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጣዲቻ ያን ሁሉ ሰዓት ጠፍሩን ነክሶ ፀሐይ ላይ ቆመ። በኋላ የአንበሳው አፍ ማንም ሳያዘው ቀስ እያለ ሲከፈት አየሁ። ጠፍር ሲደርቅ እንደሚያጥር የማያውቅ የገበሬ ልጅ አለ? አባቴ ሞፈሩን በእርጥብ ጠፍር ሲያስር እያየሁ አይደል ያደግሁት!

«ልቀቀው!» ብዬ ልጮህ ነበር። ግን ከለቀቀው ቤታችንም አብሮ ሄደ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ከበሮው ሲመታ ጣዲቻ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። የአንበሳው አፍ ቧ ብሎ ተከፈተና ወዲያው ግጥም ብሎ ተዘጋ፤ በአገጩም ደም ወረደ። ሰዉ ሳቀ። ሻለቃው ፊታቸውን አዞሩ።

«እስከ እሑድ ቤቱን አስረክቡ» ተባልን።

ጣዲቻ አፉን በነጠላዬ አፍኖ ዕቃ ስቋጥር ሲያየኝ ቆየ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ የሉም።

«ያዋረደን የኔ ጥርስ ነው» አለኝ። «አንቺማ የምትችይውን አድርገሽ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ስለ ጠፍሩ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ እንዳይጠላኝ ፈራሁ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።