መብረቅ ጠራ የተባለው መዘውር

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ወር የታፈረን ጥማድ በሬዎች መብረቅ መታቸው። ሁለቱም ከነቀንበራቸው ማሳው ላይ ተዘረሩ። ታፈረም ዕርፉን እንደጨበጠ ተወርውሮ ከድንጋይ ጋር ተላተመ፤ ነፍሱን ሲያውቅ የበሬዎቹ ጠጉር ይጨስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር ወግ መጫወት ተወ። አፉን ከከፈተ የሚወጣው አንድ ነገር ነው፤ መብረቁን የጠራው የጎረቤቱ የዋለ የውሃ መዘውር ነው፣ ብረት የሚስብ ነገር የሰማዩን እሳት የማይስብበት ምክንያት የለም።

ዋለ ወታደር ሳለ የሬዲዮ ጥገና ተምሮ፣ ጦሩ ሲበተን ወደ ሲማዳ፣ ወደ አባቱ መሬት የተመለሰ ሰው ነው። ከቤቱ በታች ባለው ወንዝ ላይ የእንጨት መዘውር ተከለ። ንፋስ መውጫ ከሚነግደው ከአሕመዲን የተበላሹ ድምፅ ማጉያዎች ለምኖ ማግኔታቸውን ፈልቅቆ አወጣና በክብ ሳንቃ ላይ ደረደራቸው። ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር የመዳብ ሽቦ ፈትቶ ጠቀለለና ጥቅሎቹን ከሳንቃው ፊት ለፊት ገተራቸው። ውሃው መዘውሩን ሲያዞር፣ መዘውሩ ቺንጊያ በሚባለው የላስቲክ ቀበቶ የሳንቃውን ዘንግ ሲያሾር፣ ቤታቸው ሁለት አምፖል ይበራል።

ሚስቱ ማሬ ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ነገሩን ያወቀችው በእጇ ነው። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ መዘውሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ የተንጠለጠሉት፣ ከመዳቡ ጥቅሎች የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ጫፋቸው ተነካካ። ሲሾር የነበረው ሳንቃ አቃሰተ፤ ሊቆምም ደረሰ። ደንግጣ ባሏን ጠራችው። እሱ ስቆ ከቦዩ ራስ የውሃውን መዝጊያ ዘጋና ሳንቃውን በእጇ እንድታዞረው ነገራት። ሽቦዎቹ ሲለያዩ እንደ እንዝርት ቀለላት፤ ሲነካኩ ግን ጭቃ እንደምታቦካ ሁሉ ከበዳት። ሽቦው ሲገናኝ ማግኔቱ የሚያስነሳው ኤሌክትሪክ መሄጃ ያገኛል፣ ያን ጊዜ መዳቡ ራሱ ማግኔት ሆኖ ያስነሳውን ማግኔት መልሶ ይይዘዋል አላት።

መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ እላይ ሳለች፣ ታፈረ ጋቢውን እንደተከናነበ ምሳር ይዞ ወረደ። ዋለ ዘንጉን ቅባት ሊቀባ አጎንብሶ ነበር። ማሬ ከምሰሶው አጠገብ ሆና ስታየው ለመጮህ አልደረሰችም። የምሳሩ ጀርባ የዋለን ጆሮ ግንድ አገኘው። ወደቀ። ሊነሣ ሲል ታፈረ ደገመው፤ ትከሻው ሲሰበር ድምፁ ማሬ ዘንድ ደረሰ። ደሙ በቦዩ ዳር ወደ ውሃው ወረደ።

ታፈረ ወደ መዘውሩ ዞረ። የሰነዘረው ምሳር ሳንቃውን ስቶ ግንድ ላይ ተተከለ። ሊነቅለው ሲያጎነብስ የጋቢውን ጫፍ ዘንጉ ጠቀለለው። ጋቢው አንገቱን አነቀና እጁንም አስከትሎ ጎተተ። ቀን አምፖል ስለማይበራ ሽቦዎቹ ተለያይተው ነበርና ዘንጉ የሚገታው አልነበረም። የውሃው መዝጊያ ሩቅ ነው፤ ሮጣ ብትሄድ አትደርስም።

ሽቦዎቹ ከማሬ ራስ በላይ ናቸው። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጇ በላስቲክ ሽፋናቸው ላይ ያዘቻቸው። ባሏን አየችው፤ አይነቃነቅም። ታፈረን አየችው፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ክንዱ ከክርኑ ላይ ተጠምዝዞ ተሰበረ፣ አጥንቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ጫፎቹን ያገናኘቻቸው። ብልጭ አለ። ሳንቃው አቃስቶ ተጎተተ፣ ቺንጊያው በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ሸተተ፤ ጋቢው ረገበ። ሽቦዎቹን ጠምዝዛ አሰረችና በማጭድ ጋቢውን ቀደደችው።

ሁለቱም አልሞቱም። ዋለ ግራ ጆሮው አይሰማም። የታፈረን ክንድ ሐኪሞች ከክርኑ በላይ ቆረጡት።

ጥር ላይ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ተቀመጡ። ከቤተ ልሔም ደብር የመጡት መሪጌታ ገብረ ማርያም የገዳይን እጅ ሳይሆን የአዳኚቱን እጅ ያየንበት ቀን ነው ብለው ማሬን አመሰገኑ። የታፈረም ዘመዶች ተነሥተው እጅ ነሷት። ማሬ ግን ቀና አላለችም።

«መሪጌታ፣ አያመስግኑኝ» አለች። «ሽቦው በእጄ ነበር። ቶሎ ላገናኘው እችል ነበር። አጥንቱ እስኪወጣ ቆሜ አየሁት።»

ዋለ በሚሰማው ጆሮው በኩል ዞሮ ሚስቱን አያት፤ ይህን ለእሱም አልነገረችውም ነበር።

ታፈረ ባዶውን እጅጌ በቀኝ እጁ ጨበጠና፣ «እኔ እኮ አልቆየሁም» አለ። «እንደደረስሁ ነው የመታሁት። አንቺ ዘግይተሽም ቢሆን አተረፍሽኝ።»

በዚሁ ቃል ታረቁ። ዋለ መዘውሩን ዙሪያውን በድንጋይ ካብ አጥሮ መልሶ አስነሣው። ታፈረ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አያልፍም፤ መብረቁንም ማን እንደጠራው ሐሳቡን አልለወጠም። ሚስቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ትመጣለች። ማሬ ተቀብላ ከሽቦው ጋር ታገናኝላታለች፤ እስኪሞላም ሁለቱ ሴቶች ካቡ ላይ ተቀምጠው ስለ ሽንኩርቱና ስለ ውርጩ ያወራሉ።