የጉቱ ፊት

ሰሌዳውን ሁለት ዘበኞች ተሸክመው አስገቡና ከዳኛው ወንበር ፊት ለፊት ከግድግዳው አስደገፉት። ጉቱ ከራሱ ጋር ተፋጠጠ። ከኢተያ እስከ አሰላ ሮጦ አንደኛ በወጣበት ዕለት የተነሳው ፎቶግራፍ ነው፤ ሰዓሊው በቀለም አሳድጎ፣ ከንፈሩን አቅልቶ፣ የአረቄ መለኪያ አስይዞታል። ከሥሩ «የጉቱ ጉልበት ከዚህ ነው» ይላል።

ሰሌዳው በአቶ ወልደአማኑኤል አረቄ ቤት በር ላይ ከተሰቀለ ወዲህ ጉቱ መስጊድ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ገበያ ሲወጣ «አንድ አትጋብዘንም?» ይሉታል። ይህን ሁሉ ችሎታል። ያልቻለው የአባቱን ዝምታ ነው። አባቱ ሁሴኖ በዚያ አረቄ ቤት ደጅ እንኳ አልፈው አያውቁም፤ ልጃቸው ፊቱን ለአረቄ ሸጠ ሲባል ግን አምነው ከገበታቸው አራቁት። ዛሬ መጥተው ከበሩ ጥግ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሊያግዙት ይሁን ሊታዘቡት፣ ጉቱ አላወቀም።

አቶ ወልደአማኑኤል ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። እሳቸው እቴ፣ በነገር የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ጌታዬ፣ አከበርኩት እንጂ ምን በደልኩት? ፎቶውን ከፎቶ አንሺው ከጉደታ በገንዘቤ ገዝቻለሁ። ስሙንም አገር እንዲያውቀው አደረግኩ።»

ዳኛው ወደ ጉቱ ዞሩ። «ፎቶውን ስትነሳ በእጅህ ምን ይዘህ ነበር?»

ጉቱ ከመመለሱ በፊት ከኋላ ከዘራ ወለሉን መታ። ሁሴኖ ተነስተው ሰሌዳውን አፍጥጠው እያዩ ነበር።

«ወተት ነው» አሉ። «የወተቱን ዕቃ፣ ጮጮውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አሸንፎ የመጣ ልጅ ወተት ይጠጣል፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ። እዩት እስቲ፤ መለኪያ በሁለት እጁ የሚይዝ ሰው ማን አይቷል?»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ሰዓሊው ጮጮውን ሲያጠፋ እጆቹን ረስቷቸዋል፤ ያቺን ሚጢጢ መለኪያ ጉቱ እንደ እንስራ አቅፏታል።

አቶ ወልደአማኑኤል ግን ፈጣን ናቸው። «እንግዲያው ጮጮ አስይዘዋለሁ፤ ነገሩም በዚሁ ይለቅ።»

ሊያስታርቁ የመጡት ሽማግሌዎች እፎይ አሉ። የጉቱም ልብ አመነታ። አባቱ እውነቱን አውቀውለታል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሽማግሌ እምቢ ማለትም ነውር ነው። ሆኖም ዓይኑ ከሰሌዳው አልነቀል አለ።

«አይሆንም ጌታዬ» አለ። «ወተትም ቢሆን አልጠየቁኝም። ፊቱ የኔ ነው። ስሙንም ያወጡልኝ አባቴ ናቸው።»

ዳኛው ባለፈው ዓመት የጸናውን አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጠው አነበቡ፤ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይሰቀልም፣ ለሽያጭም አይቀርብም። ሰሌዳው ዳግም እንዳይሰቀል፣ ስሙም ከአረቄ ቤቱ እንዲነሳ ፈረዱ።

ጉቱ በደስታ እየተጣደፈ ከችሎቱ ወጣ። አንደኛ ሲወጣም እንዲህ አልሆነም። ደጅ የቆመው ሕዝብ እልል አለ፤ ሲያሾፉበት የነበሩት ሳይቀሩ ትከሻውን ይመቱታል። አቶ ወልደአማኑኤል አጠገቡ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«አሁን ደጄ ላይ ማንን ልስቀል?»

«እርስዎስ ፊት የለዎትም?» አላቸው። እሳቸውም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ከሕዝቡ መሃል ፎቶ አንሺው ጉደታ በልማዱ ካሜራውን አነጣጠረ። ከዚያ እንደ መባነን ብሎ ዝቅ አደረገው።

«ላንሳህ ወይ?»

ጉቱ ዘወር ሲል አባቱ ኮፍያቸውን አስተካክለው ከጎኑ ቆመዋል። ትከሻቸው ትከሻውን ነክቶታል።

«ቆይ» አለ ጉደታን። «አባቴንም ጠይቃቸው።»