ለኪቦርድ ተጫዋቿ ያልተነገረው

ዘፋኟ ለመዝፈን በተቀጠረችበት ሠርግ ቀን ጠዋት ድምጿ ሻክሮ ተነሣች። እናቷ እስከ መድረኩ ድረስ ትንፍሽ እንዳትል ከለከለቻት። ልጅቷም ወረቀት ስባ፣ «ለእማ ንገሪልኝ፤ ከፍ ያለው ቅኝት አይወጣልኝም፤ ዘፈኖቹን ሁሉ ዝቅ አድርጋ ትጫወትልኝ» ብላ ጻፈች።

እማ የምትላት ኪቦርድ ተጫዋቿን ነው። እናት ይህቺን ቃል መስማት አትወድም። ዘጠኝ ወር የተሸከመች አንዷ፣ እማ የምትባለው ሌላዋ! ልጅቷ ቀሚስ ስትገዛ የምታማክረው እሷን፣ ስትስቅ የምትደገፈው የእሷን ትከሻ። ለእናት የቀረላት ሻንጣ መሸከም ነው።

አዳራሹ ገና ወንበር ይደረደርበታል። ኪቦርድ ተጫዋቿ ገመድ ስትሰካ ቆይታ ቀና አለች።

«እንዴት አደርሽ እህቴ? ልጃችን ደህና ናት?»

ልጃችን! መልእክቱ እናት ምላስ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ድሮስ ምን ትሆናለች?» ብላ ፊቷን አዞረች። እናት ከሆነች ራሷ ትወቀው፣ አለች በሆዷ።

ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ገብተው ተቀመጡ። ሙዚቃው በወትሮው ከፍ ያለ ቅኝት ተነሣ። ዘፋኟ ደነገጠች። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደምንም ገፋችው፤ ሁለተኛው ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። ከፊተኛው ጠረጴዛ አንዱ፣ «ምነው፣ አውራ ዶሮ ነው እንዴ የቀጠሩልን?» ሲል አጠገቡ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

እናት ሳቁን ስትሰማ ብድግ አለች። እንግዶቹን እየገፋች መድረኩ ጥግ ደረሰች።

«ዝቅ አድርጊላት! ድምጿ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል። ንገሪልኝ ብላኝ ነበር።»

 ኪቦርድ ተጫዋቿ ለከበሮ መቺው በአገጯ ምልክት ሰጠችው፤ እሱ ብቻውን ሲያንደቀድቀው ቅኝቱን የሚያወርደውን ቁልፍ አንድ ሁለቴ ተጫነችና ዝቅ ባለው ገባች። ልጅቷ ተከተለቻት። ሻካራነቱ ራሱ ጣዕም ሆነና ያ ዶሮ ያለው ሰውዬ ሳይቀር ሊጨፍር ተነሣ።

በእረፍት ሰዓት ልጅቷ እናቷ ፊት ኪቦርድ ተጫዋቿ ላይ ተጠመጠመች።

«እማ፣ መጀመሪያ ላይ ምን ነካሽ? ገደልሽኝ እኮ!»

«ረስቼው ነው የኔ ልጅ። እናትሽስ ነግራኝ ነበር።»

ብትሰድባት ለእናት በተሻላት። በደግነትም ልትበልጣት ነው?

«ውሸቷን ነው» አለች እናት። «አልነገርኳትም። አውቄ ነው የተውኩት።»

«ለምን እማዬ?»

«እንድትሳሳትብሽ።»

ልጅቷ ሻንጣውን አንሥታ ሰጠቻት። ድምጿን መቆጠብም ረሳች።

«ሁለተኛው ዙር እስኪያልቅ ውጪ ጠብቂኝ» አለች።

እናት ኮሪደሩ ላይ ሻንጣውን ታቅፋ ተቀመጠች። በግድግዳው በኩል የሚወጣው የከበሮው ድምፅ ብቻ ነው። አስተናጋጆች ትሪ ይዘው በሩን በከፈቱ ቁጥር ግን የልጇ ድምፅ ተሰርቆ ይመጣል፤ ዝቅ ብሎ፣ ደህና ሆኖ። በሩ ይዘጋል። እናት በየተራ በሚገቡት አስተናጋጆች ቀናች።