የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው

ሲስተር ሞተሯን እየገፋች ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ መካኒኩ ገና ቱታውን አልቆለፈም ነበር። ተቀምጣበት ሳይሆን እየገፋችው መምጣቷን ሲያይ ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ ገባው። ሲስተር የሕፃናት ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭና ጭቃና ኮረብታ የምትዞር ነርስ ናት፤ ሞተር ለመግፋት ጊዜም ትዕግሥትም የላትም።

«መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጋሼ» አለችው።

እሱም እንደ ልማዱ መጠየቅ ጀመረ። ስንት ስትነጂ? ስድሳ አካባቢ። ጋዝ ሰጥተሽ ነው ለቀሽ? ለቅቄ፣ ቁልቁለቱ ላይ። ጠበቅ አድርገሽ ስትይዢው? ይተዋል። ላላ ስታደርጊለት? ይጀምራል። ትናንት መሪው ከእጇ ሊያመልጥ ደርሶ እንደነበር፣ ከኋላዋ መቶ ሃያ ብልቃጥ ጭና እንደነበር፣ ከራሷ ይልቅ ለብልቃጦቹ እንደጮኸች ነገረችው። ነገ ከሰዓት በኋላ ልትወስደው ተቃጥረው በእግሯ ሄደች።

ሰፈሩ መካኒኩን «ሚዛን» ነው የሚለው። ኩሽኔታ ማለቁን በመሣሪያ ሳይሆን በጣቱ ያውቃል። ቸርኬ በአንድ ጣት አሽከርክሮ የትኛው ጎኑ እንደሚከብድ ይናገራል። ሌሎቹ መካኒኮች ሲያሙት ይውሉና የማይገባቸው ነገር ሲገጥማቸው ለእሱ ይዘውለት ይመጣሉ። እዚያው ጋራዥ ጥግ ላይ የሚስቱ ወንድም ይበይዳል። እሱን ደግሞ ሬዲዮ ይሉታል፤ በጆሮው የገባ ወሬ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው መንገድ ማዶ ይሰማል፣ ባትሪ አልቆበትም አያውቅም።

ሚዛን የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥቶ ሞተሩን ሣጥን ላይ አስደገፈው። ጎማው አንዱ ቦታ ከፍ፣ አንዱ ቦታ ዝቅ እያለ ተበልቷል። መሪውን በቀስታ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ደግሞ መሃል ላይ ቆም ይልበታል፤ ኩሽኔታው ጎድጉዷል ማለት ነው። ሁለት በሽታ በአንድ ታማሚ። ደስ አለው። አይናገሩትም እንጂ መካኒኮች በሽታ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። ጎማውን ቀየረ፣ አዲሱን ኩሽኔታ ግራሶ ቀብቶ ገጠመ፣ ከሰፈሩ መጋዘኖች ጀርባ ወዳለው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ወጥቶ ነዳው። ስድሳ ላይ ጋዙን ለቀቀ፣ መዳፉን ላላ አደረገ።

መሪው ተንቀጠቀጠ።

በማግሥቱ ጠዋት የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ መታ መታ እያደረገ አዳመጠ። የኋላውን ጎማ መስመር በክር ለካ። የፊት እግሮቹን ዘይት ለወጠ። ነዳው፤ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ናት፤ ከቀኝ በኩል የምትመጣ፣ ቶሎ ቶሎ የምትል። ሲመለስ ሬዲዮ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«አማቼ፣ ይሄን ያህል ከለፋህበትማ እሱ ራሱ ክትባት መስጠት አለበት» አለ።

ሚዛን አልሳቀም። ሬዲዮ እስቲ እኔ ልንዳውና ልየው ቢለው አያስፈልግም አለ። መልሱ የወጣበት ፍጥነት ራሱንም አስደነገጠው።

ወደ ጠረጴዛው ሄደና ቀኝ እጁን እንደ ዘበት አሳረፈ። በቆርቆሮ ሳህኑ ውስጥ ያሉት ዳዶዎች መንሿሿት ጀመሩ። የብረት መሞረጃ ማሽኑ አልተነሣም፤ በመንገዱም ከባድ መኪና አላለፈም። እጁን ብድግ አደረገው፤ ዳዶዎቹ ዝም አሉ። መልሶ አላሳረፈውም። ቁልፍ አንሥቶ ጨበጠ።

አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሁለት ወር ሆኖታል። ሚስቱ እራት ላይ እጅህ ምን ሆነ ብትለው በርዶኝ ነው ብሏታል። ጊዜው ሰው ላቡን እየጠረገ የሚበላበት ወር ነበር። እሷም ዓይኗን ከእጁ አላነሣችም፤ አስተያየቷን አልወደደላትም። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን ሥራ አላስፈታትም፤ ወይ ቁልፍ ያስይዛታል ወይ ጨርቅ። ጥንቃቄ የሚጠይቀውን ቡሎን ሁሉ ደግሞ ለግራው አስተምሮታል።

አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሃምሳ ዓመታቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በስድሳቸው እናቱ በማንኪያ ያጎርሷቸው ነበር፤ የአባቱ ፊት ሰው ሲቀልድ እንኳ እንደ ተዘጋ መስኮት ሆኖ ቀረ። ሚዛን በመጪው ዓመት ሃምሳ ይሞላዋል።

እንግዲህ የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ እጁ? ይህን የሚለይ አንድ ሙከራ አለ፤ መሪውን ጨርሶ መልቀቅ። ብቻውን ከተንቀጠቀጠ በሽታው የሞተሩ ነው። ዝም ካለ አይደለም። ሚዛን ይህን ሙከራ ጋራዡ ውስጥ ከልክሎታል። በስድሳ ፍጥነት መሪ መልቀቅ ሞትን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጥራት ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። ያን ቀን ግን ያስፈራው መውደቁ አልነበረም። እንዲያውም ቢወድቅ ግልግል ነበር፤ የወደቀ ሰው ለምን እንደወደቀ ያውቃል።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሞ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። አንድ ቡችላ መንገዱን ተሻግሮ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ካለፈም በኋላ ጠበቀ። ከዚያ ነዳ። ሃምሳ፣ ስድሳ፣ ስድሳ አምስት። ጋዙን ለቀቀ። መንቀጥቀጡ መጣ። «ያው፣ መሪው ነው» አለ ለራሱ፣ ጮክ ብሎ፣ ነፋሱ እየወሰደበት። ሁለት መዳፉን አነሣ።

መሪው ዝም አለ። ሞተሩ ማንም እንዳልተቀመጠበት፣ ማንንም እንደማይፈልግ ቀጥ ብሎ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ድረስ ቆጠረ። እጁን መለሰ፤ መንቀጥቀጡም አብሮ ተመለሰ።

ሦስት ጊዜ ሞከረው። በሦስተኛው መንቀጥቀጥህን አሳየኝ እያለ ሞተሩን ለመነው። ሠላሳ ዓመት ሞተር እንዳይንቀጠቀጥ ሲለፋ ኖሮ አሁን ተንቀጥቀጥልኝ ብሎ ሲለምን ራሱን ሰማ።

ታች ቆሞ ሳለ ሌላ ፍርሃት መጣበት፤ ይሄኛው ቀዝቃዛ ነበር። ጎማውን ሲቀይር የፈታውን የፊት ፍሬን መልሶ የገጠመው ማነው? ግራ እጁ። ልቡ ደግሞ ያን ጊዜ ቀኙን ሲጠብቅ ነበር። ሲስተር ነገ ጠዋት ያን ሁሉ ቁልቁለት የምትወርደው በዚያ ፍሬን ነው። እሱም አሁን ሦስት ጊዜ የወረደው በዚያው ነው።

በሃያ ፍጥነት ተመለሰ። ሬዲዮን ጠራና የነካሁትን ቡሎን ሁሉ አንድ በአንድ አጥብቅልኝ አለው። ሬዲዮ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ዛሬ ደግሞ አለቃ ሆንኩ እያለ ጎንበስ አለ። ሚዛን ሥራውን ለሌላ ሰው ሲያስፈትሽ አይቶት አያውቅም። ከላይ ጀመረ፤ የመሪው ደህና ነው፣ የፊት እግሩ ደህና ነው። ፍሬኑ ጋ ሲደርስ ወሬው ተቋረጠ። ሁለት ሙሉ ዙር አጠበቀ። ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ እንደገና ጎንበስ ብሎ ቀጣዩን ያዘ። ከሬዲዮ አፍ ምንም ሳይወጣ ሲቀር ለሚዛን የመጀመሪያው ነበር፤ ከላላው ቡሎን ይልቅ ያስደነገጠው ይሄ ነው።

ሲስተር በቀጠሮዋ መጣች። ነድታው ተመለሰችና መንቀጥቀጡ ለቆታል አለች፣ እጇን ላላ አድርጋ እንኳ ውኃ ላይ እንደሚሄድ ሆኖላታል። ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቀችው። ጎማና ኩሽኔታ ነው አላት። አመሰገነችው፣ የራስ ቁሯን አጠለቀች። በዚህ ማብቃት ይችል ነበር።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ለዘመድ ነው።»

የራስ ቁሩን አወለቀች። ስለ ዘመዱ እጅ መንቀጥቀጥ ነገራት፤ ሁለት ወር እንደሆነው፣ በቀኙ ብቻ እንደሆነ። የዘመዱ አባትም እንዲሁ ነበሩ አለ። እሷም ጥያቄዋን አንድ በአንድ ታቀርብለት ጀመር፦ ሲሠሩ ነው ሲያርፉ? ሲያርፍ ነው። አባትየውስ? መርፌ ሲይዙ ይተዋቸው ነበር፤ ጉልበታቸው ላይ ሲያሳርፉት ነበር የሚጀምራቸው። ከሠሩማ ምን ሆኑ ተብሎ ሁለት ዓመት ማንም አላመናቸውም።

«ዘመድዎ ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ሞተር ያድሳል።»

ሲስተር አልሳቀችም። አንዱ የጎማ ክምር ላይ አስቀምጣው ሌላው ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ ጣል ያድርጉት፣ ምንም አያሠሩት አለችው። ጣል አደረገ። እጁ ቀጥ ብሎ ተኛ። ሁለቱም አዩት። ሚዛን ትንፋሹን ሊለቅ ሲል ድምፅዋን ሰማ።

«ዘመድዎ ግራኝ ናቸው?»

ወደ ታች አየ። ያሳረፈው ግራውን ነበር። ሊያታልላት አስቦ አይደለም፤ እጁ ራሱ ነው ያደረገው።

ቀኙን አመጣና ጉልበቱ ላይ አኖረው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ አውራ ጣቱ ወደ ጠቋሚው መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፤ በሁለት ጣት ትንሽ ዳዶ እንደሚያሽከረክር ሰው። ሲስተር የእጅ ሰዓቷን እያየች ትቆጥር ጀመር። ጥግ ላይ ሬዲዮ ማሽኑን ሳያበራ የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ጣለው።

ሚዛን ጣቱን አላቆመውም። ሊጨብጠው ይችል ነበር፤ ቢጨብጠው እንደሚተው ያውቃል።

«ስንት ጊዜ ይይዛል?» አላት፤ ደንበኞቹ ስለ አሮጌ ዕቃ እሱን በሚጠይቁበት ድምፅ።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «ሐኪሙ ሐሙስ ይገባል። ጠዋት መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ እስከዚያ ሞተር አይንዱ።»

ከኋላዋ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቃት። ይችላሉ፣ ግን ወገቤን ጠበቅ አድርገው ይያዙ አለችው።