ብረት የበዛበት ቤት

ለሽታዬ ሕመም ሁሉ የሚመጣው ከማጣት ነበር። ስለዚህ የሠላሳ አራት ዓመት ልጇን ዓለምነውን ድካም ሲጥለው፣ የጣቱ አንጓ ሲያብጥ፣ ፊቱ ሲጠቁር፣ «ደም አንሶት ነው» ብላ ዓመት ሙሉ ጉበት አበላችው። ከጎረቤት የተረፈ የብረት እንክብል ሳይቀር አስዋጠችው። ኋላ የባሕር ዳሩ ሐኪም፣ «እናቴ፣ ልጅዎን የሚጎዳው ብረት ነው። ሰውነቱ ከምግብ የሚያገኘውን ከመጠን በላይ ያከማቻል» አላት። መድኃኒቱ ደግሞ ብረቱ እንዲቀንስ ደም መቅዳት! ይኸው በየሳምንቱ እንጅባራ ይቀዳለታል።

«ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ነው፤ እኅቱም ትመርመር» ተብላ ነበር የተመለሰችው። ወር አለፈ። ባሏ ቢሻው ግን አሻፈረኝ አለ።

«በኛ ዘር እንዲህ ያለ ጉድ የለም። ከመጣም ካንቺ ወገን ነው።»

«ከሁለታችንም ነው አልኩህ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ሜላት ትዳር ይዛ ትመርመር። አሁን ቢሰማ እጮኛዋ ያገባታል?»

«ትዳር ይዛማ ታረግዛለች። ስታረግዝ ጤና ጣቢያ የብረት እንክብል ይሰጧታል፤ ሳታውቅ ትውጠዋለች። አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛዋንም ልቅበር?»

«ዓለምነው አልሞተም እኮ!»

«ገና ነዋ!»

ቅዳሜ ዕለት የሙሽራው አጎት አያ ውቤ ከዳንግላ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ መጡ። ቢሻው ሚስቱን በዓይኑ አስጠነቀቃት። እሷ ግን ሰውየው በቅጡ ሳይቀመጡ፣ «አያ ውቤ፣ ልጄ መመርመር አለባት» ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው። ቢሻውን ሳል ያዘው።

«ይተላለፋል?» አሉ ሽማግሌው።

«አብሮ በመብላት በመጠጣት አይተላለፍም። ከወላጅ ነው።»

«እንግዲያ ሰውየው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያስለው?»

ቢሻው ሳሉን ዋጠ።

«እኛ ጊደር ስንገዛ እንኳ እናቷን አይተን ነው» አሉ አያ ውቤ። «አስመርምሯት። የኛም ልጅ ይመርመር። ቀኑን ውጤቱ ሲመጣ እንቆርጣለን።» ቢሻውም «እሺ» ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሽታዬ ተነሥተው ይሄዳሉ ብላ ነበር፤ ጭራሽ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተደላደሉ። እፎይ ልትል ስትል ግን የሙሽራው ደም ትዝ አላት። የሱም ብረት ቢበዛስ? የልጅ ልጆቿስ?

«ሜላት! ነጠላሽን አውጪ። ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የምንሄደው።»

«እማዬ፣ ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው።»

«አውጪ አልኩሽ! ነጠላሽ ወጥቶ ካላየ፣ አባትሽ እስከ ሰኞ ሐሳቡን ይለውጣል።»