የእትዬ በለጥሻቸው ድሪቶ

እኛ አገር ድሪቶ የሚለብሰው ሌላ የሚለብሰው ያጣ ሰው ነው። እዚህ ሜልቦርን ጡረታ የወጡ እመቤቶች ውድ ጨርቅ ከሱቅ ይገዛሉ፣ በስለት ይቆራርጡታል፣ ከዚያ መልሰው ይገጣጥሙትና ኩዊልት ይሉታል። ገጣጥመው ሲጨርሱ ግን ይደክማቸዋል። ፊቱን፣ መሃል የሚገባውን የጥጥ ንጣፍና ገበሩን አንድ ላይ የሚሰፋላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው እኔ ነኝ። ዳንደኖንግ ውስጥ በተከራየነው ቤት፣ መኪና ማደር በሚገባው ክፍል፣ ሎንግአርም የሚባል ባለ ረጅም ክንድ ማሽን አለኝ። ጨርቁ በዘንግ ላይ ተወጥሮ ይቀመጣል፤ የምትሄደው ማሽኗ ናት። መኪናችን ውጭ ዝናብ ይመታታል። ባለቤቴ ሂንድ ማሽኗን «ጣውንቴ» ትላታለች። «ጣውንቴን ዛሬም ዘይት ቀባሃት?» ብላ ትጠይቀኛለች፣ ጎረቤት እየሰማ።

የሰው ኩዊልት መጨረስ የሰው ስህተት መውረስ ነው። ጠርዙ የሚወዛወዝ፣ መሃሉ እንደ ጡት ያበጠ ነገር ያመጡልኝና «ሲሰፋ ይስተካከላል አይደል?» ይሉኛል። አይስተካከልም። ጠማማ ነገር ላይ ብዙ ክር ሲጨመርበት የሚገኘው ብዙ ክር ያለበት ጠማማ ነገር ነው። ይህን ለደንበኛም፣ ለማኅበር ሊቀመንበርም፣ ለባለትዳርም ተናግሬአለሁ። የሰማኝ የለም።

እትዬ በለጥሻቸው ሐሙስ ጠዋት መጡ። የሚኖሩት ኖርዝ ሜልቦርን፣ የመንግሥት ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ሰፈር አዳራሽ ውስጥ ለእናቶች የሚሰጠውን የስፌት ትምህርት ይማራሉ፤ አስተማሪዋ እሳቸውን እንደምትፈራ ሰምቻለሁ። በትራምና በባቡር፣ ትልቅ የገበያ ከረጢት ተሸክመው ደረሱ።

«ይኸ ጋራዥ ነው እንዴ? ሱቅ አለው ብለውኝ ነበር።»

«ሱቁ ይኸው ነው፣ እትዬ።»

«ይሁን። ጌታም የተወለደው በበረት ነው።»

ከረጢቱን ከፍተው ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። የሕፃን ነው። ቢጫ መደብ፣ ዙሪያውን ቀጭኔና ዝሆን። እውነቱን ለመናገር አገጣጠሙ የብዙዎቹን ደንበኞቼን ያስንቃል። መሃሉ ላይ ግን ከቀይ ጨርቅ የተቆረጡ፣ ከመዳፌ የሚበልጡ አራት ፊደላት ተሰፍተዋል። አስካለ።

«ይኸ ምንድነው?»

«ስም ነዋ።»

«የማን?»

«የልጅ ልጄ።»

«የልጅ ልጅዎ ስም ዜማ ነው።»

«ዜማ ስም አይደለም፤ የደብተራ ሥራ ነው። ነገ ወንድም ሲወለድላት ቅኔ ሊሉት ነው?»

ታሪኩን ሜልቦርን ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ አንድ ልጅ አላቸው፣ ዳኒ። ሚስቱ ራሄል እዚሁ ሜልቦርን የተወለደች ልጅ ናት። ሴት ልጅ ወለዱና ዜማ አሏት። በክርስትናው ድግስ ላይ እትዬ ማይክራፎን ተቀብለው «እኔ አስካለ ብያታለሁ፤ እናንተም እንደዚያው በሏት» ብለው ለእንግዳው ሁሉ አወጁ። ራሄል ኬክ የምትቆርስበትን ቢላዋ አስቀምጣ፣ ልጄን በስሟ እስክትጠሪ ድረስ ቤቴ አትምጪ አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ አያትየዋ የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት በስልክ ነው፤ ዳኒ ሕፃኗን መኪና ውስጥ ይዞ ወጥቶ፣ እንደ ሌባ ተደብቆ ሲደውልላቸው። አሁን ብዙ ተለምና ራሄል እሺ ብላለች። እሁድ ምሳ ተጠርተዋል።

«እትዬ፣ እሁድ ሊታረቁ አይደል የሚሄዱት?»

«አዎ፤ ስጦታ ይዤ።»

«ይኸ ስጦታ አይደለም፤ ክስ ነው።»

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንተ ሰፊ ነህ ወይስ ሽማግሌ?»

«ሰፊ።»

«እንግዲያው ስፋ።»

«አንድ ዘዴ አለ» አልኳቸው። «ስፌት የተጠቀጠቀበት ቦታ ይሰምጣል፤ ያልተሰፋው ደግሞ ያብጣል። ፊደሎቹ ላይ በቢጫ ክር ደጋግሜ ብመላለስባቸው ቀዩ ይደበዝዝና ከመደቡ ጋር ይመሳሰላል። ቀጭኔና ዝሆኑ ጎላ ይላሉ። ማንም አያየውም።»

«አስካለ እናቴ ናት። አንዴ ተቀብራለች፤ ሁለተኛ አትቀበርም። እንዳለ ስፋው፤ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ወጡ። ወደ ጣቢያው ላድርስዎ ብላቸው፣ ያ ከውጭ የቆመው መኪና ከሆነ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል አሉኝ።

ሂንድ ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። «ስፋላቸው በቃ» አለችኝ። «ባለፈው ያቺ ፈረንጅ ጥንቸሎቹን ሁሉ ዘቅዝቃ ገጣጥማ ስታመጣ ዝም ብለህ ሰፍተህላት የለ?»

«እሷ ከጥንቸሎቹ ጋር አልተጣላችም።»

«አንተን ምን ቸገረህ?»

ይህን ቃል አልወደውም። ምን ቸገረህ እየተባባልን ጎረቤታችን ሲፈርስ እናያለን፤ ከዚያ ለፍርስራሹ ገንዘብ እናዋጣለን። ክርስትናው ላይ የነበረው እንግዳ ሁሉ ክትፎውን እየበላ ምን ቸገረኝ አለ። አንዲት አሮጊት እልኋን በቀይ ጨርቅ ቆርጣ፣ የልጇ በር ላይ ይዛ ልትቆም ነው፤ በሩ ይዘጋባታል፤ እኔም «ሰፍቼላታለሁ፣ ስፌቱ ግሩም ነው» ብዬ ልኩራራ?

ዓርብ ጨርቁን ዘንጉ ላይ ወጠርኩ። ዙሪያውን በሰፊ ሞገድ ሰፋሁት፣ እንስሶቹን አልነካኋቸውም። መሃሉ ስደርስ ቢጫ ክር አስገባሁና ፊደሎቹ ላይ ወጣሁ። ከሩዝ ፍሬ ባልበለጠ መታጠፊያ እየተመላለስኩ፣ አ ን፣ ስ ን፣ ካ ን፣ ለ ን ሸፈንኳቸው። ራቅ ብዬ ሳየው የቀረው ብርቱካን መሰል ሻካራ መደብ ብቻ ነው። ደስ አለኝ። ለሂንድ አላሳየኋትም።

ቅዳሜ እትዬ መጡ። ዘረጋሁላቸው። ቀጭኔዎቹን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ዝሆኖቹን ዳሰሱ፣ መሃሉ ላይ እጃቸው ቆመ።

«የት ናት?»

«ውስጥ ናት።»

ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም። «ተርትረው» አሉ።

«ለነገ አይደርስም፣ እትዬ። ይኸን የመሰለ ስፌት አንዷን ፊደል ለመተርተር እንኳ ግማሽ ቀን ይፈጃል።»

«እንግዲያው ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ልጄ ቤት ባዶ እጄን አልገባም። ይኸንንም ይዤ ብቻዬን አልገባም። አንተ ያበላሸኸውን አንተ ታስረዳለህ።»

«እኔ የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ አልገባም።»

ሂንድ ከወጥ ቤት «ይሄዳል» አለች።

እሁድ ከኖርዝ ሜልቦርን አነሣኋቸውና ወደ ዳኒ ቤት፣ ወደ ታርኒት ነዳሁ። ኩዊልቱን ጭናቸው ላይ አጥፈው ይዘውታል። መንገድ ላይ ላግባባቸው ሞከርኩ።

«አንዴ ዜማ ቢሏት ምን ይጎድልብዎታል?»

«መንገዱን እይ።»

በሩን ዳኒ ከፈተ። እናቱን አቅፎ ሳማቸው፣ እኔን ሲያይ ግራ ገባው።

«እማዬ፣ ይሄ ማነው?»

«ሰፊው ነው።»

«ሰፊውን ለምን አመጣሽው?»

«ራሱን ጠይቀው።»

ራሄል ሳሎኑ መሃል ቆማለች። ሕፃኗን ወገቧ ላይ አድርጋ በአንድ እጇ ይዛታለች። ልጅቷ ጉንጯ የሞላ፣ ጡጫዋን የምታኝክ፣ በዚህ ሁሉ ጠብ ምንም ያልከሳች ናት። እትዬ አዩዋትና እጃቸው ሊነሣ ሲል መልሰው ኩዊልቱን ጨበጡ።

«ሃይ እማማ» አለች ራሄል። እርስዎ የሚባለውን ነገር ማንም አላስተማራትም። «ግቢ። ምሳ ደርሷል።»

«መጀመሪያ ስጦታዬን።»

ሶፋው ላይ ዘረጉት። የራሄል ፊት ለቀቅ አለ። ቀጭኔዎቹን እያየች፣ ይሄን ሁሉ ራስሽ ነሽ የሠራሽው? አለች። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። ከዚያ እጇ መሃሉ ላይ ደረሰ።

«ይሄ ለምን ሃርድ ሆነ? ካርቶን ነው የሚመስለው። ፊቷን ይፍቃታል።»

ጨርቁን አንሥታ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ቀዩ ከቢጫው ክር ሥር ብቅ አለ።

«ጽሑፍ አለው። ምን ይላል?»

ያኔ ነው የገባኝ። ራሄል ፊደል አታውቅም። ያን ያህል የፈራሁት ስም፣ ከመዳፍ የሚበልጥ፣ ቀይ ሆኖ ፊቷ ቢዘረጋ ኖሮ ጌጥ መስሏት «ቆንጆ ነው» ብላ ታልፈው ነበር። ደብቄው ነው እንድትጠይቅ ያደረግኋት።

«ዜማ ይላል» አለ ዳኒ፣ ፈጠን ብሎ።

ራሄል የግራ እጇን ገለበጠች። አንጓዋ ላይ ልጇ ስትወለድ የተነቀሰችው አለ፦ ዜማ። እጇን ከጨርቁ ጎን አድርጋ አስተያየች።

«እዚህ ሁለት ነው። እዚያ ግን አራት አለ።»

ዳኒ ወደ ጣሪያው አየ። «ስትዋሽ እንኳ ቆጥረህ ዋሽ» አሉት እናቱ። ከዚያ ወደ ራሄል ዞሩ። «አስካለ ይላል።»

ራሄል ልጅቷን ወደ ሌላኛው ወገቧ አዛወረች፤ ከእሳቸው ራቅ ወዳለው። «አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩሽ» አለች።

«አውቃለሁ። የእናቴ ስም ነው።»

«ምን?»

«አስካለ። እናቴ ናት።»

ራሄል ወደ ባሏ ዞረች። «ታውቅ ነበር?»

«ኦፍ ኮርስ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ።»

«ከማን ሰምቼ? አንድ ቅዱስ ነገር መስሎኝ ነበር። ከካላንደር ላይ ያወጣችው።»

«እኔም እሱ የነገራት መስሎኝ» አሉ እትዬ፣ ለራሳቸው ያህል።

ዘር ማንዘሩን የሚቆጥር ሕዝብ ነን። ያ ሁሉ የክርስትና እንግዳ ስሙ የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ጠቡን ለወራት በስልክ ሲያመነዥግ፣ ነገሩን ለአንዲቱ ለሚመለከታት ሴት የነገራት አልተገኘም። እኔም ሐሙስ አውቄዋለሁ። ክር ጨመርኩበት እንጂ ምን አደረግሁ?

«ታዲያ የእናትሽ ከሆነ ለምን ሸፈንሽው?» አለች ራሄል።

«እኔ አልሸፈንኩትም።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ለእርቁ ብዬ ነው» አልኩ።

«ማን ጠየቀህ?» አለች ራሄል።

«እኔም ይህንኑ ነበር ያልኩት» አሉ እትዬ፣ ሶፋው ላይ እየተቀመጡ። «እንዳለ ስፋ አልኩት። በአማርኛ ነው ያልኩት።»

«ሳይጠይቅሽ ነው ያደረገው?» ራሄል ከጎናቸው ተቀመጠች። «የሰው ሥራ ላይ? ሩድ ነው።»

«ሩድ ምንድነው?»

«ባለጌ።»

«እሱስ ነው። ደግሞ ወሎዬ ነው ሲሉኝ ጨዋ መስሎኝ።»

«ከፍለሽዋል?»

«አሁንማ እሱ ነው የሚክሰኝ።»

ዳኒ በዓይኑ ዝም በል አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝም ያልኩበት ጊዜ የለም። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ አንዷ የጀመረችውን ስድብ ሌላዋ እየጨረሰች፣ ጋራዤን፣ መኪናዬን፣ የክር ምርጫዬን አዳረሱት።

ሲበቃቸው ራሄል ጨርቁን ጭኗ ላይ ሳበችው። «ስሟ ዜማ ነው፣ እማማ። እሱ አይቀየርም። ግን ብርድ ልብሷ ላይ እናትሽ ትኑር። ይሄን ክር ያውጣው።»

እትዬ ሕፃኗን አዩ። ሕፃኗ ጡጫዋን ታኝካለች። አሮጊቷ ኮሶ እንደቀረበለት ሰው አፋቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ዜማ» አሉ።

«አልሰማችሽም።»

«ዜማ። ነይ እስቲ፣ የኔ እናት።»

ራሄል ልጅቷን ሰጠቻቸው። እትዬ አንገቷ ሥር ገብተው አሸተቷት፤ ብዙ ቆዩ። ዳኒ ወጡን ላሙቅ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ገባና የቧንቧውን ውኃ ያለ ምክንያት ከፈተው።

እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። መተርተሪያዬን አላመጣሁም፤ ራሄል የጥፍር መቀስና የቅንድብ መንቀያ ሰጠችኝ። ጥጡ እንዳይቀደድ በቀን ብርሃን፣ በትክክለኛ መሣሪያ መሠራት እንዳለበት ላስረዳ ስል እትዬ «ሳትጨርስ ምሳ የለም» አሉኝ። በኋላ ራሄል ሳህን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ፤ ከእሳቸው ተደብቃ ነው።

የ አ አንዱ እግር ብቅ ሲል ሕፃኗ ከአያቷ ጭን ወርዳ እየዳኸች መጣች። ከተረተርኩት ክር አንድ ጭብጥ አፈሰችና ወደ አፏ ወሰደችው።

«ተይ፣ አስካለ!» አሉ እትዬ።

ዳኒ ማንኪያውን ይዞ ቀረ። ልጅቷ ክሩን ከአፏ አውጥታ ወደ አያቷ ዞረች፤ ሳቀች።

ራሄል ልጇን አየቻት፤ አሮጊቷን አየቻቸው።

«በቀን አንዴ» አለች። «እኔ ቤት፣ በቀን አንዴ።»

እትዬ አሰቡበት። «የዛሬው አለቀ ማለት ነው?»

«አልቋል።»

«እንግዲያው ነገም እመጣለሁ።»